ቀለም ያልገባበት ዶቃ

ያን ጠዋት ሲያካፋ አረፈደና ረፋዱ ላይ ድንገት ፀሐይ ወጣች። ነሐሴ 1952 ዓ.ም. ነው፤ አባቴ ጓንጉል ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ። እናቴ አልጣሽ የሠርጓን ቀሚስ ለሐዘን ጥቁር ቀለም ነክራ አጥር ላይ ዘርግታዋለች። ጨርቁ እንደ ከሰል ጠቁሯል። አንገቱና ሦስቱ ቁልፎቹ ላይ የተሰፋው ዶቃ ግን ፀሐይዋ ስታርፍበት ቀይና ቢጫ ሆኖ አበራ። ቀለም አልገባበትም። ወደ ሰቆጣ ገበያ የሚወርደው ሰው ሁሉ እየቆመ አየው።

በእኛ ዘንድ ሐዘንተኛ ዶቃ አታደርግም። ቀሚሷን ከመንከሯ በፊት ዶቃውን ቆርጣ ታወጣለች። እናቴ ሳትቆርጥ ነከረችው።

የአባቴ እህት ጥሩሐረግ ምላጭ ይዛ መጣች።

“አንቺ ሴትዮ፣ ረስተሽው ነው?”

“አልረሳሁትም።”

“እንግዲያው እኔ ልቁረጥልሽ። አንቺ እጅሽ ይንቀጠቀጣል።”

“እጄ ደኅና ነው።”

“የባሏ መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ አጌጠች ይሉሻል። ሌላ ባል እየጠራች ነው ይሉሻል!”

“በሦስት ቁልፍ የሚመጣ ባል ካለማ፣ ነይ ለአንቺም ልስፋልሽ።”

አክስቴ ባሏን ከፈታች ስድስት ዓመቷ ነበር። ምላጩን መሬት ላይ ጥላ ሄደች።

ያንን ዶቃ ያመጣው አባቴ ነው። ገና ሳይጋቡ፣ ጨው ሊጭን መቀሌ ሲሄድ በኩታው ጫፍ ቋጥሮ አመጣላት። እሷም ክረምቱን ሙሉ ሰፋችው። አሰፋፏ የራሷ ነው፤ ቁልፉን በጨርቅ ትጠቀልልና ላዩን በዶቃ ትሞላዋለች፤ በእያንዳንዱ ዶቃ ውስጥ መርፌዋን ሁለት ጊዜ ትመልሳለች። አንዱ ቢበጠስ ሌላው አይረግፍም። ያን ያዩ የሙሽራ እናቶች ከዚያ ወዲህ ቀሚስ እያመጡ ደጃችንን አይለቁም ነበር።

በአርባው ቀን ያንኑ ቀሚስ ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ሴቶቹ ከአጠገቧ ገለል አሉ። ጸሎቱ ሲያበቃ የነፍስ አባቷ አባ ወልደ ኢየሱስ ጠሯት። እኔ ነጠላዋን ይዤ ቆሜያለሁ።

“ልጄ፣ ይኼን ነገር ከላይሽ አንሺው። ሰው እያጉረመረመ ነው።”

“አባ፣ ጓንጉልን ሲቀብሩት የትኛውን ካባ ነበር የለበሱት?”

“ይኼንኑ ነዋ።”

“ዘርፉ ላይ ያለውን ዶቃ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ዶቃ ለሐዘን ነውር ከሆነ ከእርስዎ ልጀምር። የጥሩሐረግን ምላጭ ይዣለሁ።”

አባ ካባቸውን ሰብሰብ አደረጉ። “ይኼማ ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ነው።”

“የእኔ ደግሞ ለጓንጉል የተሰጠ ነው።”

አባ መስቀላቸውን አሳለሟትና፣ “በይ ሂጂ፤ የተስካሩ ወጥ ይቀዘቅዛል” አሏት።

አባ ተዉት፤ ሰዉ ግን አልተወም። የሙሽራ እናቶች ቀሚስ ማምጣት አቆሙ። እኔ በዚያው ዓመት ከአራተኛ ክፍል ወጥቼ የሰው እህል መፍጨት ጀመርኩ። እጄ ሲላጥ እቆጣት ነበር።

“ሦስት ቁልፍ ብቻ እኮ ነው!” እላታለሁ።

“ሦስት ብቻ ከሆነ እነሱ ለምን አይተዉትም?” ትለኛለች።

ዓመቱ ሲሞላ ጥቁሩን ቀሚስ አውልቃ ከምትሰፋበት ቦታ በላይ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። አንድ ቀን ከጋዝጊብላ የመጣች የሙሽራ እናት ቀሚሱን አይታ ደጁ ላይ ቀጥ አለች።

“ኧረ ይኼን አውርጂው፤ ለልጄ ገዷ አይደለም።”

“እሱ ከሰቆጣ ሁሉ ጋር ተጣልቶ እዚያ የወጣ ነው፤ ለአንቺ ብሎ አይወርድም። የልጅሽ ቁልፍ እንዳይረግፍ ከፈለግሽ ግቢ።”

ሴትዮዋ ትንሽ አሰበችና ገባች። ከእሷ በኋላ ሌሎችም ገቡ። እስከ ዛሬ ያልገቡም አሉ፤ ጥሩሐረግ አንዷ ናት።

እኔ በ1962 ባሌ ሲሞትብኝ ዶቃዬን ቆርጠው ሲያወጡት አልከለከልኩም። ደክሞኝ ነበር። እናቴ ቆርጠው የጣሉትን ከመሬት አንድ በአንድ ለቅማ በጣሳ አስቀመጠችው።

የእሷ ቀሚስ አሁን ቀለሙ ለቆ ቡናማ ሆኗል፤ ዶቃው እንዳለ ነው። እናቴ አልጣሽ ከእኔ ጋር ሰቆጣ ትኖራለች። ዓይኗ ስለደከመ በመርፌው ክር የማስገባላት እኔ ነኝ፤ የምትሰፋው እሷ ናት።