አራስ ልጄን ሐኪም ቤት ያስተኛሁበት ምክንያት

ልጄ ዘይነባ በወለደች በሳምንቷ እንቅልፍ እምቢ አላት። የጀመረው እንዲህ ነው። ሕፃኑ ኑሩ ጠብቶ ሲተኛ እሷ አትተኛም። ዓይኗን ከድና ትጋደማለች፤ ጣቶቿ ግን ብርድ ልብሱን ይቆነጥራሉ። «ተኚ እንጂ ልጄ» ስላት «ተኝቻለሁ እኮ እማዬ» ትለኛለች።

አራስ እንቅልፍ ብታጣ ማንንም አይገርምም። የምንኖረው ኮምቦልቻ ነበር፤ ዘመኑ የደርግ ነው። ዘይነባ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት፤ የወሊድ ፈቃድ ላይ ነበረች። ባሏ ሰይድ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ አሰብ ወርዶ ጭነት ይጠብቅ ነበር። ቤት ውስጥ ያለነው እኔና የሰይድ እናት እመት ዘሐራ ነን። እሳቸው እኔን ሊያግዙ ከሐርቡ መጥተው ነው።

እኔ በተፈጥሮዬ ተጨናቂ ነኝ። ስለዚህ «ይህች ልጅ ደህና አይደለችም» ስል ጎረቤታችን ሰዓዳ ትስቅብኛለች። «እታለም፣ አንቺ እኮ ሲዘንብ ሰማዩ ታመመ የምትዪ ሰው ነሽ» ትለኛለች።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ልጇ ለታመመችባት እናት ነው። የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ከዚያ ጥቂት ክፍል በማታ ቀጥያለሁ። ስለ ሕመሙ የማውቀው ሐኪሞች የነገሩኝንና በዓይኔ ያየሁትን ብቻ ነው።

በእኛ ዘንድ አራስ ብቻዋን አትተውም። አርባዋ እስኪወጣም ደጅ አትወጣም። መጋረጃ ይጋረድላታል፤ ተኝታ ትበላለች፤ እንግዳ ባታናግር ማንም አይቀየማትም። ደግ ልማድ ነው። ሕመሙ ግን ከዚያው መጋረጃ ጀርባ ተደበቀ። ዝም ስትል «አራስ ናት» አልን። ስታለቅስም «አራስ ናት» አልን።

ከዚያ ምግብ ማሽተት ጀመረች። «ገንፎው ውስጥ ምን ጨመራችሁ?» ትላለች። ሕፃኑን አቅፋ በጆሮው ስታንሾካሹክ ሰማኋት። እኔና እመት ዘሐራ አያቶቹ እንዳልሆንን ትነግረዋለች።

የጤና ጣቢያውን ነርስ ለምኜ ቤት አመጣሁት። ትኩሳቷን ለካ፤ ትኩሳት የለም። የማሕፀን ሕመምም አላገኘባትም። ላርጋክቲል የሚባል ክኒን ሰጠንና ወደ ደጅ ወስዶ እንዲህ አለኝ፦

«ይህ አንዳንድ ወላድ ላይ የሚመጣ የአእምሮ ሕመም ነው። ክኒኑን በእጅዎ ይስጧት። እንቅልፍ ካልያዛት፣ ምግብ እምቢ ካለች፣ ስለ መሞት ካወራች እኔን አይጠብቁ። ደሴ ሆስፒታል ይውሰዷት።»

መጀመሪያ ክኒኑ ረዳት። ጥቂት ተኛች፤ ሽሮም በላች። ደስ አለን። ወዲያው ግን እንቅልፉ ተመልሶ ጠፋ።

በዚህ መሐል ከእመት ዘሐራ ጋር የተጋጨንበት ነገር መጣ። አራስን ጂን እንዳይቀርባት ከትራሷ ሥር ብረት ይደረጋል። እሳቸው ያደረጉት የወጥ ቤቱን ቢላዋ ነው። እኔ አነሳዋለሁ። እሳቸው ይመልሱታል።

«ብረቱን ማን ነው የሚያነሳው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ፣ እመት ዘሐራ። ልጅቷ ልቧ ደህና አይደለም። ስለት አጠገቧ አይሁን።»

«ጂኑን አንቺ ልታባርሪው ነው?»

«ሌላ ብረት ይሁንላት። የማይቆርጥ።»

«የማይቆርጥ ብረት ጂንን ምን ያደርገዋል? ያስቀዋል እንጂ!»

በመጨረሻ በአንድ ትልቅ ጓጉንቸር ቁልፍ ተስማማን። እያጉረመረሙ ከትራሱ ሥር ከተቱት።

ቢላዋውን ደበቅሁ። ከዚያ መቀሱን። ከዚያ የነጭ ጋዙን ጠርሙስ። ገበያ መሄድ ተውኩ። ለሶላት ስቆም እንኳ ፊቴ ወደ ቂብላ፣ ጆሮዬ ወደ መጋረጃው ነበር። ማንም ሳያዘኝ ዘበኛ ሆኜ ነበር። ያኔ ግን አራስ የምጠብቅ ብቻ መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ዘይነባ ደህና ሆና ተነሣች። ታጠበች፤ ፀጉሯን አበጠረች፤ ሰዓዳ ስትገባ በፈገግታ ተቀበለቻት። የብር አምባሯን ከእጇ አውልቃ ሰጠቻት። «ላንቺ ይሁን፤ እኔ አያስፈልገኝም» አለች። ሰዓዳ ከደስታዋ የተነሣ እልል ልትል ምንም አልቀራት። «አልሃምዱሊላህ! ድናለች፤ አንቺም አሁን እንኳ ሳቂ!» አለችኝ።

መሳቅ አልቻልኩም። ሌላ ጊዜ ስፈራ ምን እንደምፈራ አላውቀውም፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። ያን ቀን ግን በጣት የማሳየው ነገር ነበረኝ። ሌሊቱን አልተኛችም። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። አልጋዋን ሳነጥፍ ክኒኖቹን ከፍራሹ ሥር አገኘኋቸው፤ ከአፏ እያወጣች ትደብቃቸው ነበር። እንዲህ ሆና ነው ዕቃዋን ለሰው የምትሰጠው።

ሰዓዳ እንደወጣች አጠገቧ ተቀመጥሁ። ጠየቅኋት።

«ልጄ፣ መሞት ታስቢያለሽ?»

«አዎ» አለችኝ።

ድምጿ አልተለወጠም።

«እሱንም ይዤው ነው የምሄደው። እዚህ ሊያሰቃዩት ነው።»

ሕፃኑን ከእቅፏ ወሰድኩ። አልታገለችኝም። ዞር ስል እመት ዘሐራ መጋረጃውን ይዘው ቆመዋል። ሰምተዋል።

ሐርቡ ያሉ ሼህ ዘንድ እንውሰዳት ሲሉ ነበር የሰነበቱት። አሁን ግን ጫማቸውን አደረጉ። ጓጉንቸሩን ከትራሱ ሥር አውጥተው በመቀነታቸው ቋጠሩት።

«አርባዋ ሳይወጣ ደጅ የወጣች አራስ አይቼ አላውቅም» አሉ። «ዛሬ አያለሁ። ተነሺ፣ ሰዓት እላፊ ሳይደርስብን።»

ሰዓዳም ተጠርታ መጣች። አውቶቡስ ላይ ዘይነባን በመሐላችን አስቀመጥናት፤ ሕፃኑን እመት ዘሐራ ያዙ። ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ዳገት ስንወጣ እጇን ይዤ ነበር። ቀዝቃዛ ነበር።

የሆስፒታሉ በር ላይ ፍተሻ አለ። ዘበኛው እመት ዘሐራን «ይህ ምንድን ነው፣ እማማ?» አላቸው።

«የልጄ ጠባቂ ነው።»

«ሱቅ የሚቆለፍበት አይደለም እንዴ?»

«አንተም በር የሚቆለፍብህ ነህ፤ ምን ልዩነት አላችሁ? አሳልፈን!»

ሳቀ፤ አሳለፈን።

ሐኪሙ ዘይነባን ብቻዋን አነጋገራት፤ ከዚያ እኔን ጠራኝ። የሕመሙን ስም «ድኅረ ወሊድ ሳይኮሲስ» አለኝ። ቤት ውስጥ ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኩት፤ ቢላዋውን፣ ጋዙን፣ የሶላቱን ሳይቀር። አዳምጦ ሲጨርስ እንዲህ አለኝ፦

«ክኒኑም አልከፋም፤ እርስዎም አልሰነፉም። ሕመሙ ከቤት አቅም በላይ ሆኗል። አንዱ ሲደክመው ሌላው የሚተካበት ቦታ ያስፈልጋታል። ትተኛለች።»

ሃሎፔሪዶል የሚባል መርፌ ተወጋች። ያን ቀን ተኛች። እኔ ደግሞ ነርሷ «አሁን የእኔ ተራ ነው፣ ይተኙ» ብላኝ ከአልጋዋ ግርጌ ጋቢ አንጥፌ ተኛሁ።

መድኃኒቱ ከባድ ስለሆነ ሐኪሙ ጡት እንዳታጠባ፣ ከሕፃኑም ጋር ብቻዋን እንዳትሆን አዘዘ። ሰዓዳ ጦይባ የምትባል የምትጠባ ልጅ ነበረቻት፤ ኑሩን ተቀብላ ከእመት ዘሐራ ጋር ወደ ኮምቦልቻ ተመለሰች። በሌላ ቀን ይዛው ስትመጣ «ጦይባን ለኑሩ ልድርለት አስቤ ነበር» አለችኝ፤ «ከአንድ ጡት የጠቡ አይጋቡምና እንግዲህ ሌላ አማች ልፈልግ ነው!» ዘይነባ ይህን ሰምታ ፈገግ አለች። አምባሩን ከሰጠችበት ጊዜ ፈገግታዋ ይህ የተለየ ነበር፤ ቶሎ ጠፋ፣ ግን የራሷ ነበር።

ማገገሙ ቀጥ ያለ መንገድ አልነበረም። መጀመሪያ እንቅልፏ መጣ፣ ቀጥሎ የምግብ ፍላጎቷ፤ በመርፌው ምክንያት እጇ ሲንቀጠቀጥና አንገቷ ሲገተር አርቴን የሚባል ክኒን ተጨመረላትና ቀለል አላት። ጥርጣሬው እየለቀቃት ሲሄድ ደግሞ የተናገረችውን ማስታወስ ጀመረችና ኀዘን ያዛት፤ ሕፃኑን ሲያመጡላት ለማቀፍ ፈርታ እጇን ወደ ኋላ ትደብቅ ነበር፣ ነርሷም አጠገቧ ተቀምጣ መጀመሪያ እግሩን ብቻ እንድትነካ፣ ከዚያ እንድታጥበው፣ ከዚያ እንድታቅፈው በትዕግሥት አለማመደቻት። ሰይድ ከአሰብ ሲመለስ ልጁን ታቅፋ በረንዳው ላይ ፀሐይ ስትሞቅ አገኛት። ከሆስፒታል ከወጣች በኋላም ለቀጠሮ ደሴ እየተመላለስን መድኃኒቱን ሐኪሙ በቃ እስኪል ድረስ ወሰደች፤ ወደ ፋብሪካዋም ተመለሰች።

ለአላህ ምስጋና ይድረሰው። ከዚያ ሐኪሞቹን፣ ለሌላ ሰው ልጅ ጡቷን የሰጠችውን ሰዓዳን፣ ያላመኑበትን መንገድ ከእኛ ጋር የሄዱትን እመት ዘሐራን አመሰግናለሁ። እሳቸው ዱዓቸውን አላቋረጡም፤ ሐኪሙም አቁሙ አላለም።

እናቶች ሆይ፣ በቤት የተጀመረ ሕክምና አልበቃ ሲል ምልክቱን እወቁ። መድኃኒት እየተሰጣት ካልተኛች፣ መድኃኒቱን ከደበቀች፣ ምግብ ከፈራች፣ ለአፍታ ትታችኋት መሄድ ካቃታችሁ፣ ያ ሕመም ከእናንተ በላይ ሆኗል። ድንገት ደህና መስላ ዕቃዋን ማደል ከጀመረች ቀን አትቁጠሩ። ስለ መሞት ጠይቋት። መጠየቃችሁ ሐሳቡን አያመጣባትም፤ እኔ ባልጠይቅ ኖሮ አልሰማም ነበር። ሆስፒታል ማስተኛት ልጅን መጣል አይደለም።

ዘይነባ ሁለተኛ ስታረግዝ ገና ሆዷ ሳይገፋ ለሐኪሟ ነገርን። እኔን ደግሞ ለብቻዬ አስቀምጣ እንዲህ አለችኝ፦

«እማዬ፣ እንቅልፍ ከራቀኝ ቤት እንዳታቆዪኝ። ደሴ ውሰጂኝ።»

«እሺ ልጄ።»

«ያኔ እምቢ እልሻለሁ። ልሰድብሽም እችላለሁ። አትስሚኝ፤ ውሰጂኝ።»

«ወላሂ እወስድሻለሁ» አልኳት።