ስንቅ የበዛባት ተሳቢ

ተሳቢዋን የገዛናት በፈረንጆቹ 2021 ሰመር መግቢያ ላይ ነው። ነጭ፣ ጠርዟ ሁሉ ክብ፣ ሁለት አልጋና አንዲት የእጅ መታጠቢያ ብቻ ያላት ትንሽ የመንገድ ቤት ናት። ኮሎምበስ ከተማ፣ ዋይንላንድ ፓርክ ሰፈር ካለው ቤታችን ጀርባ፣ በጠባቧ የኋላ መንገድ ዳር አቆምኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ሳላያት አልሄድም ነበር። በሯን ከፍቼ እዘጋለሁ፣ ጎማዋን በጫማዬ ጫፍ ነካ አደርጋለሁ፣ የፍሬን መብራቷን አብርቼ ዞሬ አያለሁ። ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ ሰው ነኝ፤ ለዕቃ መጓጓት ነውር ነው እያልኩ ልጄን ያሳደግኩ ሰው ነኝ። ሆኖም ኦቤትስ በሚገኘው የዕቃ መጋዘን፣ ዕቃ በማነሳበት ፎርክሊፍት ላይ ተቀምጬ ሳስበው የነበረው እሷን ነበር።

የተገዛችው ለባለቤቴ ነው። ባለቤቴ በአረጋውያን መንከባከቢያ ትሠራለች። ወረርሽኙ ከገባ ጀምሮ አንድ ሳምንት ሙሉ አርፋ አታውቅም። ለጁላይ ሰባት ቀን ፈቃድ ሲሰጧት፣ ዛፍና ውኃ ያለበት፣ ማንም ደወል ደውሎ የማይጠራት ቦታ እፈልጋለሁ አለች። ሆቴል አልፈለገችም፤ ያን ሁሉ በሽታ ካየች በኋላ ሰው በተኛበት አልጋ መተኛት አስጠልቷታል። እኔም ሆኪንግ ሂልስ ጫካ ውስጥ በራሳችን አልጋ እንተኛለን ብዬ ቃል ገባሁ። እሷ ግን ተሳቢ ትፈራለች። አንድ ነገር ብቻ አለችኝ።

«መጀመሪያ ጭነህ ሞክራት። ካልተወዛወዘች እገባለሁ። ከተወዛወዘች ሳምንቱን እዚሁ ተኝቼ አሳልፋለሁ።»

ባለቤቴ አንድን ነገር ሁለቴ አትናገርም። ስለዚህ ሥራዬ ግልጽ ነበር።

ትምህርት ያቋረጥኩት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የማውቀውን ሁሉ ያገኘሁት ከመጽሐፍ ነው፤ የቧንቧ ሥራም፣ እንግሊዝኛም፣ የመኪና ፍሬን መቀየርም። ሰው የያዘውን ዕቃ መመሪያ ሳያነብ መጠቀሙ ስንፍና ነው ብዬ አምናለሁ፤ ዛሬም አምናለሁ። መኪናችን ትንሽ ኤስዩቪ ናት። መጽሐፏ አንድ ሺህ አምስት መቶ ፓውንድ ድረስ ትጎትታለች፣ በመንጠቆዋ ላይ የሚያርፈው ክብደት ግን ከአንድ መቶ ሃምሳ ፓውንድ እንዳይበልጥ ይላል። ሁለቱንም ቁጥሮች በቀይ አሰመርኩባቸው። ማታ ማታ ከእራት በኋላ እዚሁ አገር የተወለደችውን የአሥራ ሰባት ዓመት ልጄን አስቀምጬ ገጹን ጮክ ብላ እንድታነብ፣ ከዚያም በአማርኛ እንድታስረዳኝ አደርጋለሁ። እሷ በእንግሊዝኛ ታስረዳለች፤ እኔ በአማርኛ እላለሁ፤ እንደገና ትጀምራለች።

አንድ ምሽት ከባድ ዕቃ ከተሳቢዋ ጎማ በፊት፣ ወደ መኪናው በኩል መሆን አለበት የሚለውን አነበበች። ከጠቅላላው ክብደት አንድ አሥረኛው ወይም ትንሽ የሚበልጠው በመንጠቆው ላይ ካላረፈ ተሳቢዋ ትወዛወዛለች ይላል። እኔ አልተቀበልኩትም። ያ የተጻፈው ትልልቅ መኪና ላላቸው ነው፤ የእኛ መኪና ትንሽ ናት፤ ገደብ ከተባለ ደግሞ ባነሰ ቁጥር ይሻላል አልኳት። ጨው የሚከለከል በሽተኛ ጨርሶ ቢተወው ማን ይጎዳል? እንዲያውም ከባዱን ወደ ኋላ እናድርገውና የመኪናዋን ጀርባ እናሳርፈው።

«አባዬ፣ መጽሐፉ እንደዚያ አይልም» አለች፤ ለዚህ ለዚህ አማርኛዋ ጥሩ ነው።

«መጽሐፍ ማንበብና መረዳት ይለያያል» አልኳት። አሁን ሳስበው፣ አንብቦ ያልተረዳው እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ሚዛን ገዛሁ፤ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ተቀምጦ ሰው የሚቆምበትን ዓይነት። ወደ ተሳቢዋ የሚገባ ነገር ሁሉ በእሱ ላይ ማለፍ ነበረበት። የልጄን ወፋፍራም መጻሕፍት መለስኩ። ባለቤቴ የምትወደውን ትልቁን ትራስ መዝኜ መለስኩ። ሁለት ድስት አንዱ ይበቃል ብዬ መለስኩ። ባለቤቴ ትራሱን ይዛ ወደ ቤት ገባች።

ልሄድ ነው ብሎ መናገር ስህተት መሆኑን የተረዳሁት ወሬው ከተሰማ በኋላ ነው። እኛ ዘንድ መንገደኛ ባዶ እጁን አይሸኝም። ጫካ ልንገባ ነው ሲባል፣ ከኮሎምበስ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ መሆኑን ማንም አልጠየቀም። ከቤታችን ሁለት በር አልፈው የሚኖሩት እትዬ ሁለት ድፎ ዳቦና አንድ ባልዲ ጭኮ አመጡ። አብሮኝ የሚሠራው ሙስሊም ጓደኛዬ ሚስቱ የጠበሰችውን አንድ ካርቶን ሳምቡሳ፣ ሁለት ሐብሐብና ሦስት እሽግ የታሸገ ውኃ ይዞ መጣ። ከቤተ ክርስቲያን አንድ ጀሪካን ጠበል ደረሰን። ከሁሉ የባሰው የጋሼ ነው።

ጋሼ የምንላቸው ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ አገር ቤት ሳሉ ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ላይ የጨረሱ፣ አሰብ ድረስ ባለ ተሳቢ የነዱ ሰው ናቸው። ተሳቢያችንን መጀመሪያ ያዩ ቀን ዙሪያዋን ዞረው፣ «ይህቺ ተሳቢ ናት ወይስ የተሳቢ እንቁላል?» አሉ። ስንቃቸው በሥጋ የተሞላ ትልቅ ኩለር፣ አንድ ከረጢት ከሰልና ከመኪና ቸርኬ ያሠሩት የብረት ምድጃ ነበር።

ይህን ሁሉ ሚዛን ላይ አላወጣሁትም። የሰው ስንቅ እንዴት ይመዘናል? እጅ ነስቼ ተቀበልኩና የኋላውን አልጋ አንስቼ ከሥሩ ደረደርኩት። ስጨርስ የመኪናዬ ጀርባ ምንም አልተጫነም፤ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ደስ አለኝ።

መሞከሪያው እሑድ ጠዋት ነበር። ባለቤቴ ቤት ቀረች፤ ልጄ ከኋላ፣ ጋሼ ከጎኔ ተቀመጡ። በከተማ ውስጥ ቀስ ብለን ፖላሪስ የገበያ ማዕከል ደረስን። ሱቆቹ ገና ስላልተከፈቱ ያ ሁሉ የመኪና ማቆሚያ ባዶ ነበር። ወደ ኋላ መንዳት ተለማመድኩ። መሪውን ወደ ቀኝ ሳዞር እሷ ወደ ግራ ትሄዳለች፤ ጋሼ ይስቃሉ፤ በአምስተኛው ሙከራ በሁለት መስመሮች መካከል ልክ አስገባኋት። ልጄ በስልኳ ቀረጸችኝ። እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበትን ጊዜ አላስታውስም።

ስንመለስ በፈጣኑ አውራ ጎዳና፣ በ71 ሃይዌይ ገባን። በሰዓት ሃምሳ ማይል ስንሄድ ምንም አልነበረም። ሃምሳ አምስትን ሳልፍ መሪው እጄ ላይ ቀለለኝ። አንድ ረጅም የጭነት መኪና በግራችን አለፈ፤ ነፋሱ ተሳቢዋን ገፋት፤ ተመልሳ መጣች፣ ከዚያ ወደ ሌላው ጎን ሄደች፣ በየምልሱ ይበልጥ እየሰፋች። የመኪናዬን ጀርባ እየወሰደች ታመጣዋለች። እግሬ ወደ ፍሬኑ ሲሄድ ጋሼ ድምፃቸውን እንኳ አላነሱም።

«ፍሬን አትንካ። እግርህን ከነዳጁ አንሳ። መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ።»

እንዳሉኝ አደረግኩ። ተሳቢዋ ሁለት ሦስቴ ተወዛውዛ ረጋች። በሚቀጥለው መውጫ ወጥተን ከአንድ ነዳጅ ማደያ ጎን ቆምን። ጋሼ ወርደው የኋላውን አልጋ አነሱ። ኩለራቸው፣ ከሰላቸውና ምድጃቸው ከጥግ ተደርድረዋል።

«ማን ነው የጫናት?» አሉ።

«እኔ ነኝ።»

«የሚጎትታትስ?»

«እኔው።»

«እንግዲያ የምትቆጣው ሰው የለህም» አሉና አልጋውን መለሱት።

ልጄ ነግሬህ ነበር አላለችኝም። ብትለኝ ይቀለኝ ነበር። የቀረውን መንገድ በአርባ ማይል፣ በከተማ ውስጥ ሄድን። ያቺ ሳምንት ከእጄ ስትወጣ ይታየኝ ነበር። ባለቤቴ ከሰማች አትገባም። ዕቃውን ባስተካክለው ደግሞ ችግሩ እንደሚጠፋ አሁን አውቄያለሁ። ስለዚህ እናትሽ ይህን ባትሰማ ይሻላል አልኩ። ጋሼ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ልጄ ትንሽ ቆይታ፣ ይህ ውሸት ነው ወይስ አለመናገር ብቻ ነው ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። ለማሾፍ አልነበረም፤ መልሱን ፈልጋ ነው። አምስተኛ ክፍል ሳለች ከትምህርት ቤት የመጣ ደብዳቤ ደብቃኝ አንድ ወር ቴሌቪዥን የከለከልኳት እኔ ነኝ። ያኔ ሁለቱ አንድ ናቸው ብያታለሁ።

ባለቤቴ የኋላው በር ላይ ቆማ ትጠብቀናለች። እንዴት ነበረች አለች። ደህና የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ነበር። ልጄ ከመኪናው ወርዳ ወደ ቤት አልገባችም፤ አጠገቤ ቆመች።

«ተወዛወዘች» አልኩ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ልጅሽ ነግራኝ ነበር፤ አልሰማኋትም።»

ባለቤቴ መጀመሪያ ልጇን ከላይ እስከ ታች አየቻት። ከዚያ ወደ ተሳቢዋ ገብታ የተደረደረውን አየችና ወጣች።

«የእኔን ትራስ መዝነህ አወጣህ» አለች። «የሰው ምድጃ ግን ሳትመዝን አስገባህ።»

ቤተሰቡ ላይ የሚጠነክር፣ ደጅ ሲወጣ የሚልፈሰፈስ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ ብዙም ፈርጄባቸዋለሁ። አንዱ እኔ መሆኔን ግን ያየሁት ያን ቀን ነው። አልሄድም ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ጋሼ ቀስ ብለው ተሳቢዋ ጥፋት የለባትም አሏት። እሷም አሰበችና ፈረደች። ልጇ ትጫናት፤ እኔ ልሸከም፤ ጋሼ ደግሞ እንደገና ሃይዌይ ወጥተው ይመስክሩ።

ያን ከሰዓት ያህል በሕይወቴ ታዝዤ አላውቅም። ልጄ መጽሐፉን የመኪናው ኮፈን ላይ ዘርግታ፣ መጀመሪያ ገጹን እኔ እንዳነበው አደረገችኝ። ከዚያ በአማርኛ አስረዳኝ አለች። ጋሼ ወንበር ላይ ሆነው አሜን አሉ። ምንም ሳናወርድ በመንጠቆው ላይ የሚያርፈውን የተሳቢዋን የፊት ጫፍ በእንጨት ደግፈን ሚዛኑ ላይ ስናሳርፈው አርባ ፓውንድ እንኳ አልሞላም። ዕቃውን ስናወርድ እየመዘንን በራሷ ክብደት ላይ ስንደምረው፣ ጠቅላላዋ ከአሥራ አራት መቶ ፓውንድ በላይ ነበረች። ኋላውን ባዶ አደረግን፤ የምንፈልገውን ብቻ ከጎማው ፊት ደረደርን። ሚዛኑ አንድ መቶ ሠላሳ ሲል ልጄ ሁለት እጇን አነሳች፤ እኔም ሳላስበው አጨበጨብኩ።

የቀረው ስንቁ ነበር። ስንቅ አይመለስም፤ ይህን ጋሼም፣ ሚዛኑም ሊለውጡት አይችሉም። ባለቤቴ መላ አገኘች። ሥጋውንና ሳምቡሳውን ማቀዝቀዣ አስገብታ፣ ሐሙስ ከሥራ በኋላ ስንቅ ያቀበሉንን ሁሉ ጠራች። ተሳቢዋ ባለችበት የኋላ መንገድ ላይ የጋሼ ምድጃ ተቀጣጠለ። እንደዚያ አንድ ላይ ቆመን ከበላን ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖን ነበር። ጓደኛዬ የራሱን ሳምቡሳ እየበላ፣ ሰው ስንቁን ከመሄዱ በፊት ሲጨርስ ገና ማየቴ ነው አለ። እትዬ ደግሞ ለመሸኘት የመጣው ሰው ከሚሄደው ይበዛል አሉ።

ዓርብ ከሰዓት ጋሼና እኔ ኦቤትስ ድረስ ሄደን በሃይዌይ ተመለስን። ሦስት የጭነት መኪናዎች አለፉን። ጋሼ የተናገሩት ቤት ስንደርስ ለባለቤቴ ብቻ ነው፤ «አሁን ትከተላለች» አሏት።

ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ ከጎኔ ገብታ ቀበቶዋን አሰረች። በ33 ሃይዌይ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስንወጣ ዓይኗ ከጎን መስታወቱ አልተነቀለም፤ እጇ የበሩን እጀታ ይዟል። እኔ በሃምሳ አምስት እየነዳሁ አላወራኋትም። ቤቶቹ አልቀው የበቆሎ ማሳው ተጀመረ። ላንካስተር ከተማን ስናልፍ እጀታውን ለቀቀች። ትንሽ ቆይታ ጫማዋን አወለቀችና እግሯን ዘረጋች።

«ትንሽ ብትፈጥን ምን አለ?» አለችኝ።

አልፈጠንኩም። ልጄ ከኋላ ሳቀች፤ እናቷም ሳቀች፤ እኔም መንገዱን እያየሁ ነዳሁ።