ኮች ስትራውድና የእሑድ ቆርቆሮው

ዴልመር ስትራውድ ሁለት ጣቶቹን ያጣው በአሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። አባቱ በሞተ በወሩ እንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካ ተቀጠረ፤ ሥራው ከመጋዙ ሥር እየገባ ብናኙን መጥረግ ነበር። አንድ ቀን አለቃው ከላይ ሆኖ «ቆሟል፣ ግባ!» አለው። አልቆመም ነበር። ቁስሉ አመርቅዞ ሦስት ሳምንት በትኩሳት ሲቃጠል እናቱ የሚቀበርበትን ልብስ ሰፍታ ጨረሰች። ልጁ ግን ተነሣ፤ ያንኑ ልብስ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ሄደ።

አለቃው «የቆመ መስሎኝ ነበር» አለ። ነገሩም በዚያው ቀረ።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። ከዚያ ወዲህ ዴልመር የሰው ቃል ብቻ ሰምቶ እጁን የትም አልሰደደም። እኔ ያወቅሁት ሚሲሲፒ ውስጥ ወዳለችው ከተማችን ወደ ቤቸም የኮሌጁ የአሜሪካን ፉትቦል አሰልጣኝ፣ ሰው እንደሚጠራው «ኮች»፣ ሆኖ ሲመጣ ነው። እኔ የዕቃ ቤቱ ሰው ነበርኩ፤ የተጫዋቾቹን የራስ ቁርና የትከሻ መከላከያ አድላለሁ፣ ማልያ አጥባለሁ፣ የተቀደደ እሰፋለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ሠራን፤ በሃያ ሁለቱም ዓመት ማታ ሲወጣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ እኔ ከቆለፍኩ በኋላ እንደገና ይነካካው ነበር።

የልምምድ ሜዳውን ዙሪያ በሸራ ጋረደው። አንድ ጊዜ የስልክ ሠራተኛ እንጨት ላይ ወጥቶ ሽቦ ሲጠግን አይቶ፣ ሰውዬው እስኪወርድ ድረስ ልጆቹን ሣር ላይ አስቀመጣቸው። በግጥሚያ ቀን ከዳር ሆነው በእጅ ምልክት የሚያሳዩ ሦስት ሰዎች ያቆማል፤ ከሦስቱ እውነተኛው አንዱ ብቻ ነው። አንድ ሳምንት ደግሞ ሸራው ተቀዶ ልሰፋው ስል «ተወው» አለኝ። በዚያች ቀዳዳ አጮልቀው ያዩት ሰላዮች ቅዳሜ ዕለት ጨርሶ ያልተጠቀምንበትን ዘዴ ለመከላከል ሲንጋጉ ዋሉ፤ አሸነፍናቸው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው ተረት ለሱ የተተረተ ይመስለኝ ነበር።

በአንድ ነገር ብቻ ሰው ያምናል። ያን ጊዜ የአሰልጣኞች ደንብ ነበር። ቅዳሜ ተጫውተን እሑድ ጠዋት ኮች ስትራውድ የግጥሚያችንን ፊልም በክቡ ቆርቆሮ ይዞ ይነዳል፤ የሚቀጥለው ሳምንት ተጋጣሚም የራሱን ይዞ ይመጣል። ከሁለቱ ከተሞች እኩል ርቀት ላይ ያለ ነዳጅ ማደያ ተገናኝተው፣ አንዱ የሌላውን አጨዋወት እንዲያጠና ቆርቆሮ ተለዋውጠው፣ ተጨባብጠው ይለያያሉ። ፊልሙ ሙሉ መሆን አለበት፤ አንዲት ቁራጭ አይወጣለትም። ይህን የጻፈው ሕግ የለም። ቆርጦ የሰጠ ሰው ግን ስሙ ይጠፋል፤ ዳግመኛ አሰልጣኝ አድርጎ የሚቀጥረውም አይገኝም። ያ ሁሉን የሚጠረጥር ሰው ቆርጦ አያውቅም።

በ1974 ማሠልጠን ተወ። በዓመቱ ለግዛቱ ምክር ቤት እወዳደራለሁ አለ።

እኛ የምሥራቅ ሰፈር ጥቁሮች ነገሩ አልጣመንም። ሲያሸንፍ የኖረ ነጭ ዛሬ ምን ጎደለው? በሰፈራችን አውራ የነበረችው እትዬ ኦዴሳ ናት፤ መበለት ናት፣ የቤተ ክርስቲያናችን ወጥ ቤት አዛዥም እሷ ናት።

«ሃያ ሁለት ዓመት ልጆች ላይ ሲጮኽ ኖሮ አሁን ደግሞ እኛ ላይ ሊጮኽ ነው?» አለች።

ያን ጊዜ የቧንቧ ውኃ ከባቡር ሐዲዱ ወዲህ አይሻገርም ነበር። የምንጠጣው በእጅ የሚገፋው ጉድጓድ የሚሰጠንን፣ ዝገት የመሰለ ውኃ ነው። ኮች አንድ ዓርብ ማታ መጣ፣ የተጠበሰ ዓሣና የበቆሎ ዳቦ አብሮን በላ፣ ቆሞም «ከተመረጥኩ ውኃው ሐዲዱን ይሻገራል» አለ። ሰዉ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ተነሥቼ «ይህን ሰው አውቀዋለሁ፤ ያለውን ያደርጋል» አልኩ። ቃሌን ሰጠሁ። ስቀመጥ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፤ ከሐዲዱ ማዶ፣ ነጮቹ ዘንድ ሲናገር፣ ስለዚህ ውኃ ትንፍሽ ሲል አልሰማሁም።

ተቃዋሚው ፕሬንቲስ ጊልፎይ የሚባል የጎረቤት ወረዳ ጠበቃ ነበር። ጥቅምት ሲገባ ጠበቃው ጉድ ማሳየት ጀመረ። ኮች ሐሙስ ሊናገር ያሰበውን እሱ ረቡዕ እዚያው ቦታ ተናግሮት ያድራል። ኮች ስለ ትምህርት ቤት አውቶቡስ ሊያወራ ሲነሣ ሰዉ «ይሄንንማ ትናንት ሰማነው» እያለ ይስቃል።

በዚህ መሐል አንድ እሑድ እትዬ ኦዴሳ ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ ያዘችኝ።

«ጋዲስ! ያንተ ታማኝ ጌታ ሸጦናል።»

«ማን አለሽ?»

«ዓይኔ! ከእህቴ ቤት ስመለስ መንገድ መሐል ካለው ማደያ ከጊልፎይ ጋር ቆሞ አየሁት። ቆርቆሮ ሰጠው፣ ቆርቆሮ ተቀበለ። ደግሞ ተጨባበጡ! በቆርቆሮ የሚሰጣጡት ብስኩት ነው እንዳትለኝ ብቻ።»

የሰፈሩን ድምፅ የሰበሰብኩለት እኔ ነኝ፤ ሰውዬው ሸጦን ከሆነ ከእንግዲህ በዚያ ሰፈር ማን ያምነኛል?

በሚቀጥለው እሑድ የአማቼን ጭነት መኪና ተውሼ ሄድኩ። እትዬ ኦዴሳ ሳልጠራት ገብታ ተቀመጠች። ማደያው ጀርባ ከተከመረ አሮጌ ጎማ ኋላ ቆምን።

«አምላኬ ይቅር ይበለኝ» አለች፤ «ጸሎት ቀርቼ ለስለላ ባርኔጣዬን አደረግሁ።»

እንዳለችው ሆነ። ኮች መጣ፣ ጠበቃው መጣ፣ ተለዋወጡ። ጠበቃው ኮቱን እያስተካከለ፣ «እንደ ወንድ ነው የምንጫወተው፣ አይደል ኮች?» ብሎ ሄደ። ያኔ ወጣሁ።

«ኮች፣ በቆርቆሮው ውስጥ ምንድን ነው ያለው?»

ደነገጠ። ፊቱ ላይ ያየሁት ያን የስልክ ሠራተኛ ያየ ጊዜ የነበረውን ዓይን ነው።

«ትሰልለኛለህ፣ ጋዲስ?»

«አዎን። ከእርስዎ ነው የተማርኩት።»

ቆርቆሮውን ሰጠኝ። ገና ፊደል ስላልለየሁ ለእትዬ ኦዴሳ አቀበልኳት። ጊልፎይ የሰጠው የባለፈው ወር የጋዜጣ ቁራጭ ነበር፤ አገር ሁሉ ያነበበው። «እርስዎስ ምን ሰጡት?» አለችው። ቅጂውን ከመኪናው አወጣ፤ በእርሳስ የተጻፈ ነው፤ በዚያ ሳምንት በየትኛው ቀን፣ የት፣ ምን እንደሚናገር ከነነጥቡ።

እትዬ ኦዴሳ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «እኔ እኮ ጠበቃው ጠንቋይ መስሎኝ ነበር! ኮች፣ ማን ነው እንዲህ አድርግ ያለዎት?»

«ደንብ ነው» አለ። «በመጀመሪያው ቀን ፊልም እንለዋወጥ አልኩት። እሺ አለ፤ ተጨባበጥን።»

«ፖለቲካ ነው እኮ፣ ኮች!» አልኩ። «እሱ ቆርጦ ነው የሚሰጥዎት። እርስዎም ይቁረጡበት።»

«እሱ ቢቆርጥ የሱ ስም ነው። እኔ አንድ ቁራጭ አውጥቼ አላውቅም።»

እውነቱን ልናገር፤ አላመንኩትም። ተጠራጣሪ ሰው እንዲህ የዋህ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ያስፈራል። እትዬ ኦዴሳ ግን ወረቀቱን አንድ በአንድ እያገላበጠች ነበር። አንዴ ጨርሳ እንደገና ጀመረች።

«የኛ ውኃ የታለ?»

ኮች ወረቀቱን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ፤ አልለቀቀችውም።

«እኛ ዘንድ ዓሣችንን እየበሉ የነገሩን ውኃ። ሰኞ አለ፣ ማክሰኞ አለ፣ አውቶቡስ አለ፣ የጥጥ ዋጋ አለ። ውኃው የለም። ታዲያ ይሄ ምንድን ነው? ቆርጠዋል እንጂ!»

በሃያ ሁለት ዓመት ሰው እንዲህ ሲናገረው አይቼ አላውቅም፤ ያውም ጥቁር ሴት፣ ያውም በ1975። አንገቱ ደም መሰለ። መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ። ሄደ። እትዬ ኦዴሳ ባርኔጣዋን አቀናች።

«በል ንዳ» አለችኝ። «ምርጫውን ተሸነፍን። ለስብከቱ ግን ሳንደርስ አንቀርም።»

በሳምንቱ ስለ ቆርቆሮው የነገረን የለም። ከምርጫው በፊት ባለው ቅዳሜ ግን ሁለቱም ተወዳዳሪዎች በፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ሊናገሩ ሰው ተሰበሰበ። እኛ እንደ ልማዳችን ከኋላ ቆምን። ጊልፎይ አንድ ወረቀት ከፍ አድርጎ ያዘ።

«ወገኖቼ፣ የምትወዱት አሰልጣኝ በገዛ እጁ ጽፎ ባለፈው እሑድ የሰጠኝን ስሙ! በእናንተ ግብር የምሥራቁን ሰፈር የቧንቧ ውኃ ሊያጠጣ ነው! ይካደዋ!»

ሰዉ ጮኸ። ኮች መድረኩ ላይ ወጣ። ድምፅ ማጉያውን አልነካውም፤ ድሮም አያስፈልገውም።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ። «የማደርገውም ይህንኑ ነው። ሌላ የደበቅኩት የለም።» ወረደ።

ከፊት የቆሙት ብዙዎቹ እየተራገሙ ሄዱ። አንድ ገበሬ «ለኔስ ውኃውን መቼ ነው የሚያስገባልኝ?» ሲል ሰማሁ። ማክሰኞ ዕለት የምሥራቅ ሰፈር ከዚያ በፊት ባልታየ ቁጥር ወጣ፤ እትዬ ኦዴሳ አልጋ ላይ የነበሩትን ሳይቀር በአማቼ መኪና አመላለሰቻቸው። ኮች በስድሳ አንድ ድምፅ አሸነፈ።

ያኔ አዲስ ጥርጣሬ ተነሣ። ጊልፎይ ወረቀቱን በአደባባይ እንደሚያነብ፣ ሰፈሩም ያን ሰምቶ ነቅሎ እንደሚወጣ ኮች አስቀድሞ አውቆ ይሆን ያን የጻፈው? የሸራውን ቀዳዳ የማውቅ ሰው ነኝና ብዙ ሌሊት አሰብኩበት። ውኃው በሦስተኛው ዓመት ሐዲዱን ተሻገረ። የመጀመሪያ ቀን ቧንቧውን ከፍቼ ባልዲው እስኪሞላ ቆምኩ፤ ተዘግቶ ይሆናል ብዬ በማግስቱም ከፈትኩት። ኮች ሁለት የምርጫ ዘመን ተመርጦ በሦስተኛው አንድ የመድኃኒት ቤት ባለቤት አሸነፈው።

ታምሞ በረንዳው ላይ በሚውልበት ጊዜ ልጠይቀው ሄድኩ። ወንበር አቀረበልኝና ተቀመጥኩ። ዙሪያውን ሳልዞር፣ «ኮች፣ ያ ወረቀት ዘዴ ነበር ወይስ እውነት?» አልኩት።

«እኔም ራሴን ጠይቄ አልጨረስኩም» አለ። «ሰዎች እዚህ መጥተው ያሸነፍኩትን ግጥሚያ ይቆጥሩልኛል፤ ከሁሉ የሚበልጥብህ የቱ ነው ይሉኛል። የቱም አይደለም። ሳሸንፍ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ ያልኩት ሁሉ እውነት ይሆን ነበር። ዕድሜዬን በሙሉ ሰው ያታልለኛል ብዬ ዘብ ቆሜ፣ አታላዩ እኔ መሆኔን ያሳየችኝ ኦዴሳ ናት። ‹የኛ ውኃ የታለ?› አለችኝ። በእኔ ሕይወት የሚበልጠው ያ ጥያቄ ነው። ቀደም ብሎ የጠየቀኝ ሰው ባገኝ ኖሮ...» ቀና ብሎ አየኝ። «አንተም እኮ ነበርክ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኸኝም።»