ከባነሩ ስር ያለው ቆርቆሮ

«ይሄ የማን እጅ ነው?»

ካርቱም ሁለት ሰፈር፣ የሐበሻ ምግብ ቤቱ በር ላይ ቆመው፣ ባነሩን ቀና ብለው እያዩ ነበር ጋሼ የጠየቁኝ። ዛሬ ጠዋት ጎረቤታችን የተቃጠለ በሩን ሲቀባ የቲነሩ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ጥያቄው ተመልሶ መጣ። ልንገርሽና ይውጣልኝ።

ታፔላ ጻፊ ነበሩ። ሱዳኖቹ ኸጣጥ ይሏቸዋል፣ እኔ ጋሼ። ጀብራ ሰፈር፣ ከቤታችን ሁለት በር አልፎ፣ ግቢያቸው ውስጥ ቆርቆሮ ዘርግተው ይጽፉ ነበር። እዚያው አንድ መስመር ላይ ዐረብኛውን ከቀኝ፣ አማርኛውን ከግራ ይጀምሩና መሀል ላይ ያገናኟቸዋል። ሳይለኩ! እናቴ ሐበሻ ብትሆንም እኔ የሱዳናዊ ልጅ ነኝ፣ ትምህርት ቤቴም በዐረብኛ ነበር። አማርኛ ማንበብ የተማርኩት ከሳቸው ቆርቆሮ ነው።

የሳቸው «ም» ግራ ሆዷ ከቀኟ ይሰፋል። እሷን ነው መጀመሪያ የወደድኩት። ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ላብራቶሪ እያጠናሁ ታፔላዎቻቸውን በስልክ አነሳና ፊደሉን አንድ በአንድ ላፕቶፔ ላይ እስለው ጀመር፣ የሳቸው እጅ በኮምፒውተር የሚተየብ ፊደል እንዲሆን። ማንም አላስተማረኝም፣ እየተሳሳትኩ ነው የገባኝ። የጎደለኝን እንዲጽፉልኝ እነዘንዛቸዋለሁ።

«ማን አዘዘው? ያልታዘዝኩትን አልጽፍም።»

«ጋሼ፣ ለኮምፒውተሩ እኮ ነው። ሙሉ ፊደል ይፈልጋል።»

«ታዲያ እሱ ራሱ መጥቶ ይዘዘኛ!»

ይሉና ይስቃሉ። ግን አርብ አርብ አንድ ረድፍ ካርቶን ላይ ይጽፉልኛል። «ጠ» ደረስን።

ከዚያ የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ የእናቴ ጓደኛ፣ ጋሼ የጻፉላት ታፔላ ዛገባት። «ያላ፣ አንቺ የኮምፒውተር ልጅ፣ ለነገ አንድ ነገር ሥሪልኝ» አለችኝ። ኩራት ነፋኝ። ፊደሌ መንገድ ላይ ሊወጣ! የማን መሆኑን እንኳን አላሰብኩም። ባነሩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ታተመ። አሮጌውን ታፔላ ማን ያወርዳል፣ ከላዩ ቸነከሩት።

በማግስቱ ጋሼ የቡሩሽ ቦርሳቸውንና ሜትራቸውን ይዘው መጡ። ታፔላው ዛገ ሲባል ሰምተው፣ አዲሱን ሊለኩ።

«ይሄ የማን እጅ ነው?»

ባለቤቷ ታየኛለች፣ ተመጋቢው ያየኛል።

«የማንም አይደለም። የኮምፒውተር ነው።»

«ኮምፒውተሩም ‹ም›ን ሆዷን አስፍቶ ነው የሚጽፋት?»

«አጋጣሚ ነው።»

ሜትራቸውን ቦርሳው ውስጥ መለሱ። «ኩዌስ፣ ልጄ። ጥሩ ነው» ብለው ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያ አርብ አልሄድኩም። በሚቀጥለውም። ፈሪ ነኝ፣ ምን ላድርግ? ፈተናዬን ልጨርስና ይቅርታ እላቸዋለሁ አልኩ። ጦርነቱ ቀደመኝ።

እኛ ገዳሪፍ ሸሸን። እሳቸው «ቀለሜን ለማን ጥዬ?» ብለው ቀሩ። ስኳር ነበረባቸው፣ የኢንሱሊን መርፌው ከከተማው ጠፋ። ጎረቤቶች ግቢያቸው ውስጥ፣ ቆርቆሮ ይዘረጉበት በነበረው ቦታ ቀበሯቸው። ለስንቱ ሐበሻ የመቃብር መስቀል ላይ ስም የጻፉ ሰው የሳቸው መቃብር ላይ ስም የለም። የሚጽፍ አልነበረማ።

ፊደሉ እስካሁን ላፕቶፔ ላይ አለ። ከ«ጠ» በኋላ ባዶ ነው።

ዘንድሮ እንደምንም ተመረቅኩ። ዲግሪዬን ልወስድ ነው ካርቱም የተመለስኩት። ወረቀቱን እንደያዝኩ፣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ፣ እግሬ ካርቱም ሁለት ወሰደኝ። ምግብ ቤቱ ጣሪያ የለውም። ባነሩ ቀልጦ ከምስማሮቹ ላይ ጥቁር ክር ሆኖ ተንጠልጥሏል። ከስሩ ግን ቆርቆሮው አለ። ጥላሸት ጠጥቷል፣ ቀለሙ አብጧል፣ ግን ይነበባል። ዐረብኛው ከቀኝ፣ አማርኛው ከግራ። «ም»ም ሆዷን አስፍታ ቁጭ ብላለች።

መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም። ከሦስት ዓመት በፊት ያ ሁሉ ሰው እያየኝ ያቃተኝን ለቆርቆሮው ጮክ ብዬ ነገርኩት።

«የእርስዎ ነው፣ ጋሼ። የእርስዎ እጅ ነው።»