ከሱሉልታ እስከ ሰቤታ፣ ፍሬ የያዘ ቡና ፍለጋ

ጠዋት፣ ሱሉልታ

አባቴ ሻንጣውን አዘጋጅቶ በሩ ሥር አቁሞታል። ነገ ሊነጋጋ ሲል በሚነሳው አውቶቡስ ወደ ይርጋጨፌ ሊመለስ ነው። ሐኪሙ ልቡን መርምሮ “ለጊዜው ከሆስፒታል አይራቁ” ብሎታል፤ እሱ ግን ኅዳር ከገባ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶታል። አገር ቤት ቡናው ቀልቷል። በክረምት ይዟት መጥቶ እኔ ጓሮ የተከላትን ችግኝ ደግሞ የሱሉልታ ውርጭ ሰሞኑን አቃጥሏታል።

“ቡና በማያፈራበት አገር ምን ልሠራ? ቁጭ ብዬ ግድግዳ ልይ?” አለኝ ትናንት ማታ።

“እዚሁ አዲስ አበባ ዙሪያ የሚያፈራ ባገኝስ?”

“ፍሬውን ካሳየሽኝ እቀራለሁ” አለና ሳቀብኝ።

የወጣሁት በዚህች ቃል ነው። የሚኒባሱን መሙላት እየጠበቅኩ ስልኬ ላይ የዓለምን የቡና ካርታ ከፈትኩ። ከብራዚል እስከ ቬትናም ምድርን እንደ መቀነት የዞረ አረንጓዴ ቀለም አለ፤ ሱሉልታም መሀሉ ላይ ናት። ካርታውን የሠራው ሰው በኅዳር ሱሉልታ አድሮ አያውቅም።

ረዳቱ “እህቴ፣ ጠጋ ጠጋ!” እያለ አራተኛ ሰው ደረበብን። የወተት ጀሪካን እግሬ ሥር ገባ። የእንጦጦን ቁልቁለት ስንወርድ ሾፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር እኔ ነበርኩ የምናደደው፤ እንደኔ ቢሆን በርረን በሄድን።

ረፋድ፣ ቡራዩ

አስኮን አልፈን ቡራዩ ደረስን። የአምቦ መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጥ ጎልማሳ አገኘሁ።

“ቡና? ሞልቷል!” አለና ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ ችግኝ አሳየኝ።

“ፍሬ ያለው ነው የምፈልገው።”

“ፍሬ ከፈለግሽ መርካቶ ሂጂ” ብሎ ሳቀ። ፊቴን ሲያይ ግን ሳቁን ተወ። ነገሩን ነገርኩት።

“ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል? ከደቡብ በሚመጣ መኪና ቀይ ቡና አስመጪና እዚህ የበቀለ ነው በያቸው። በምን ያውቃሉ?”

አልዋሽም፣ አሰብኩበት። ግን አባቴ ቡና ላይ አይታለልም። “አይሆንም” ስለው ሰውየው ራሱን አከክ አከክ አደረገና፣ “ሰቤታ ሞቅ ይላል” አለኝ። “ከዓመታት በፊት ከእኔ ችግኝ የወሰደች አስቴር የምትባል የዲላ ልጅ አለች። ፋብሪካ ነው የምትሠራው። ኦቦ ገመዳ ግቢ ብለሽ ጠይቂ።”

ገለቶማ ብዬ አመስግኜው ሮጥኩ። አንድ ፓስቲ ገዝቼ ታክሲ ውስጥ በላሁ፤ ጣዕሙን አላስታውሰውም።

ከሰዓት፣ ሰቤታ

ዓለም ገና ላይ በከባድ መኪኖች መሀል ተገትረን ሳለ አባቴ ደወለ።

“ካልሲዎቼን የት አደረግሻቸው?”

“አባዬ፣ ነገ አትሄድም እኮ!”

“እኔ የጠየቅኩሽ ካልሲዬን ነው” ብሎ ዘጋው።

ሰቤታ ወርጄ ግቢውን እየጠየቅኩ ስደርስ ኦቦ ገመዳ በሩ ላይ ቆመው ነበር። “አካም ጅርቱ?” ስላቸው “ናጋ፣ ግቢ ልጄ” ብለው ተከራያቸውን አስቴርን ጠሩልኝ። ከሌሊት ፈረቃ ገብታ የተኛች ሴት ነች፤ ዓይኗን እያሸች ወጣች።

“ቡናዬን ልታዪ? የጤና ነው?” አለችኝ።

ዛፏ በግንቡና በኮባው መሀል ተወሽቃለች። ቅጠሉን ገለጥ ሳደርግ ቀይ ፍሬ አየሁ። ጮኽኩ። ኦቦ ገመዳ እባብ የነደፈኝ መስሏቸው ዱላ ይዘው መጡ።

አስቴር የአባቴን ነገር ስትሰማ ፍሬ የያዘ ቅርንጫፍ ቆርጣ ሰጠችኝ። “ግን ሲቆላ ጣዕም የለውም። ለምን እንደሆነ አባባን ጠይቂልኝ” አለች። ዛፏን በስልኬ አንስቼ ወጣሁ። እስከ ሱሉልታ ድረስ ቅርንጫፉን ሰው እንዳይደፈጥጥብኝ ከራሴ በላይ ይዤው ሄድኩ።

ማምሻውን፣ ቤት

አባቴ ቅርንጫፉን ተቀበለኝ። ፍሬውን ሸምጥጦ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ጨመረው። ደህና ቡና ይሰጥማል፤ የሚንሳፈፈው ውስጡ ባዶ ነው። ሁሉም ተንሳፈፈ።

ብርጭቆውን ነቀነቅኩት፤ አንድም አልሰጠመም።

“አባዬ፣ አፍርቷል እኮ...”

“ፎቶ የለሽም?”

ሰጠሁት። በጣቶቹ እያሰፋ አየው፤ ፊቱ ተለዋወጠ።

“ይሄ ዛፍ ተገርዞ አያውቅም! ይሄን ሁሉ ቅርንጫፍ በምን አቅሙ ይመግብ? ኮባውስ ላዩ ላይ ተኝቶበት! ሰው እንዴት ዝም ብሎ ያያል?”

ተቆጣ። ከታመመ ወዲህ እንዲህ ሲቆጣ አይቼው ስለማላውቅ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ቀኑን ሙሉ የተንከራተትኩት ለፍሬ ነበር፤ አባቴ የሚያስፈልገው የሚቆጣለት ዛፍ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው።

ሻንጣውን ከፈተና ልብሱን እያተራመሰ የመግረዣ ቢላዋውን አወጣ። ቢላዋው በጠፉት ካልሲዎች ተጠቅልሏል።

“የሐኪም ቀጠሮዬ ማክሰኞ አይደል?”

“አዎ።”

“እንግዲያው ረቡዕ ሰቤታ ትወስጂኛለሽ” አለና ካልሲውን አደረገ።