መብራት ሲጠፋ የማይጠፋው መስመር

የሥራ ባልደረቦቿ “ብርዷ” ይሏታል። ሃያ ዓመት ፍሪጅ ስትጠግን የኖረች ናት፤ ኮምፒውተር የለመደችው በአርባ አራት ዓመቷ፣ የእህቷን ልጅ በጥያቄ እያሰለቸች ነው። ዛሬ የአንድ መድኃኒት መጋዘን ስድስት ፍሪጆች በእሷ እጅ ናቸው። አንድ ትንሽ ፕሮግራም በየአምስት ደቂቃው ሙቀታቸውን እየለካ ፋይል ላይ ይጽፋል።

ችግሩ መብራት ነው። ፕሮግራሙ የጻፈውን ወዲያው ዲስክ ላይ አያሰፍርም፤ እስኪጠራቀም ይዞት ይቆያል። መብራት ድንገት ሲሄድ የያዘውን ይዞ ይሄዳል። ግማሽ ሰዓት ቢጎድል ደንቡ ይፈቅዳል፤ ባለፈው ወር ግን የአራት ሰዓት መዝገብ ጠፋና ቅዝቃዜው እንዳልተለወጠ ማሳየት ስላልተቻለ ምንም ያልሆነ ኢንሱሊን በካርቶን ተወገደ።

“ስሚኝ እህቴ” አላት የመጋዘኑ ፋርማሲስት፤ “አንዴ ከተደገመ ወደ እስክሪብቶ እንመለሳለን። ቅዳሜና እሁድም ጸሐፊዋ አንቺ ነሽ።”

“እስክሪብቶዎን መቼ አግኝተውት ያውቃሉ ጋሼ?”

ፕሮግራሙ ፋይል ላይ የሚጽፍባቸው ቦታዎች አርባ አንድ ናቸው። ሁሉንም መነካካት አልፈለገችም፤ ደህና የሚሠራ ሞተር ፈትታ አታውቅም። ስለዚህ ፕሮግራሙ የተጻፈበት ቋንቋ ፋይል ከፍቶ ከሚጽፍበት ዝግጁ ኮድ፣ ከ“እናቱ”፣ “ልጅ” አወጣችለት። ልጁ መክፈቱንም፣ ማንበቡንም፣ መዝጋቱንም ከእናቱ እንዳለ ይወርሳል። መጻፍን ብቻ ለወጠችበት፦ እናትህ እንደምትጽፈው ጻፍ፣ ከዚያ ሳትውል ሳታድር ዲስክ ላይ አውርድ። በዋናው ፕሮግራም የተቀየረው ፋይሉ የሚከፈትበት አንድ መስመር ነው።

ስታስነሳው ስክሪኑ በቀይ ጽሑፍ ተሞላ።

“ምን ሆነ ነው የሚለው?” አላት ፋርማሲስቱ።

“ልጁ ጻፍ ሲባል እናቱን መጥራት ሲገባው ራሱን ይጠራል። ራሱ ደግሞ መልሶ ራሱን። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የእናቱን ስም ዘልዬ።”

“በአንቺ ወጥቶ ነዋ! አንቺስ እዚህ መጋዘን ውስጥ ሰው እርዳኝ ስትዪ ማን ሰምቶሽ ያውቃል?”

ሳቀች፤ ያቺን አንድ ቃል አስተካከለች። ጥቂት መስመሮች እስኪጻፉ ጠበቀችና ፋርማሲስቱ “ኧረ ተይ!” ከማለቱ በፊት የኮምፒውተሩን ገመድ ከግድግዳው ነቀለች።

መልሳ ሰክታ አስነሳችው። ፋይሉን ከፈተች። የመጨረሻው መስመር እዚያው ነበር፦ ፍሪጅ ስድስት፣ 4.1 ዲግሪ፣ ገመዱ ሊነቀል አንድ ደቂቃ ሲቀረው።

ፋርማሲስቱ ለቅዳሜ ያዘጋጀውን የእጅ መመዝገቢያ ቅጽ አውጥቶ ሊሰርዘው ኪሱን ዳበሰ።

“እስክሪብቶ አለሽ?”