ሆግቭሊት ላይ የወጣው ግራ እጄ

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ አቆጣጠር በሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ ሆላንድ ውስጥ፣ ሮተርዳም ዳር ሆግቭሊት በሚባል ሰፈር ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። ዛሬም ግን ስብሰባ ላይ ተቀምጬ አንድ ሰው ተነስቶ «የምትደግፉ» ሲል ፊቴ ይግላል። ለባለቤቴ እንኳን የነገርኳት ግማሹን ብቻ ነው።

መጀመሪያ ስፓኒሽ ከየት እንዳመጣሁ ልናገር። በአብዮቱ ጊዜ ገና ጎረምሳ ሳለሁ ለትምህርት ወደ ኩባ ተልኬ ነበር። ወደ አገር ቤት ስንመለስ አውሮፕላኑ አምስተርዳም፣ ስኪፖል አየር ማረፊያ ሲያርፍ ወርጄ እዚያው ቀረሁ። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ እኔ ግን ፈርቼም ለእናቴ አልሆንኩም። ጥገኝነት አግኝቼ ኦስዶርፕ በሚባል የአምስተርዳም ሰፈር ክፍል ተሰጠኝ። ጠዋት ጠዋት ያንኑ የወረድኩበትን ስኪፖል እየጠረግሁ ከሰዓት በኋላ የአገሩን ቋንቋ፣ ደች፣ መማር ጀመርኩ።

ማራይከን ያወቅኳት እዚያ ነው። ለስደተኞች በነፃ ቋንቋ የምታስተምር የደች ልጅ ስትሆን ራሷም አምስተርዳም ውስጥ ተማሪ ነበረች። የመመረቂያ ጥናቷ ስለ ባስኮች ነው። ባስኮች በስፔን ሰሜን የሚኖሩ፣ የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው ሕዝብ ናቸው። ከመካከላቸው ለነፃነት ብለው መሣሪያ ያነሱ፣ ሰው የሚያግቱና የሚገድሉ ነበሩ። ማራይከ ማወቅ የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ ተራው ሰው እነዚህን ታጣቂዎች ምን ያህል ይደግፋል? ሆግቭሊት ውስጥ ደግሞ አጠገቡ ፔርኒስ ባለው ነዳጅ ማጣሪያ ውስጥ ሊሠሩ የመጡ የባስክ ቤተሰቦች ነበሩ። የእሷ ስፓኒሽ የመጽሐፍ ስለነበረ እንዳስተረጉምላት ለመነችኝ። እኔም ጠራጊ ከመባል አስተርጓሚ መባል ደስ ብሎኝ ተከተልኳት።

በር እያንኳኳን ጠየቅን። መልሱ ሁሉ አንድ ነው፤ አላውቅም። ከዚያ ስለ ዝናቡ ያወራሉ። ማራይከ ስለ አገሩ የማያውቅ ሕዝብ አይታ አታውቅምና ተናደደች። እኔ ሳቄ መጣ። ግድግዳ ጆሮ አለው ሲባል ያደግሁ ሰው ነኝ። ያውቃሉ፤ የሚፈሩት አንቺን ሳይሆን እርስ በርሳቸውን ነው፤ እዚህ የተባለው ነገር እዚያ መንደራቸው ይደርሳል አልኳት። ዘዴውንም ያመጣሁት እኔ ነኝ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ነጭ፣ አንድ ቀይ ቦሎቄ እንስጥ፤ የሚደግፍ ቀዩን፣ የማይደግፍ ነጩን ጨብጦ፣ በጨርቅ በተሸፈነ ማሰሮ ውስጥ ይጣል፤ የተረፈውን ኪሱ ይክተተው። ማራይከ በጣም አደነቀችኝ። እኔም ትንሽ ኮራሁ።

ለዚህ ባስኮቹ በማኅበራቸው አዳራሽ እንዲሰበሰቡ ከለመንናቸው አንዷ ሴኞራ ሚረን፣ በእኛ ወይዘሮ ሚረን፣ ነበሩ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቤታቸው ሆነው የሰው ልብስ እያሳጠሩና እያስረዘሙ የሚኖሩ፣ ወደ ስልሳ የሚጠጉ ሴት ናቸው። መጀመሪያ እሳቸውም አላውቅም ነበር ያሉን። ደጋግመን ስንሄድ ግን አንድ ቀን መርፌያቸውን አስቀምጠው አወሩልን። ወንድማቸውን ታጣቂዎቹ ወሬ አቀባይ ነህ ብለው በቤቱ በር ላይ ገድለውታል። ይህ ሲሰማ ሆግቭሊት ከሚኖሩት የአገራቸው ልጆች አንድም ሰው ለቅሶ አልደረሳቸውም። ጎረቤቶቻቸው ሲያዩዋቸው መንገድ ይሻገሩ ነበር።

እኔ ለቅሶ አለመድረስ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። 

«አንድ ቀን እንኳን አይሆንም ብዬ መሞት እፈልጋለሁ» አሉኝ። «ግን ከእነሱ ጋር ነው የምኖረው።»

ማንም አያይም አልኳቸው። በእናቴ ስም ማልኩላቸው።

እሑድ ከምሳ በኋላ በማኅበራቸው አዳራሽ ተሰበሰቡ። ወንዶቹ ካርታ መጫወታቸውን አቁመው፣ ሴቶቹ ልጆቻቸውን ወደ ውጭ ልከው ተቀመጡ። ማራይከ ቦሎቄውን አደለች። እኔ ማሰሮውን ታቅፌ ከፊት ለፊታቸው ቆሜአለሁ። ሴኞራ ሚረን ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ትንሽ ፈገግ አሉ።

ማሰሮው መዞር ሳይጀምር ሊቀመንበራቸው ተነሳ። ማጣሪያው ውስጥ ቧንቧ የሚገጥም ግዙፍ ሰው ነው፤ በኩባ ስፓኒሼ ሲያሾፍብኝ የነበረ ጨዋታ አዋቂ። አሁን ግን አይቀልድም። እኛ ምን የምንደብቀው አለንና በጨርቅ ሥር እንነጋገራለን አለ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

«ልጆቻችንን የምትደግፉ፣ እጃችሁን!» አለ። ልጆቻችን የሚለው ታጣቂዎቹን ነው።

 ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሰዎቹ ወደ እኔ ሲያዩ ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ቀና ስል ግራ እጄ ተጨብጦ ከጭንቅላቴ በላይ ቆሟል።

እኔ አላዘዝኩትም። ቀበሌ ስብሰባ ላይ «የምትደግፉ» ከተባለ «እጃችሁን» እስኪባል የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። ቀድሞ ማውጣት ነው፤ ምን እንደሚደገፍ ኋላ ይሰማል። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ። ባሕርና ውቅያኖስ ተሻግሬ፣ በማያገባኝ አገር ጉዳይ፣ በቀኝ እጄ የምሥጢሩን ማሰሮ ታቅፌ፣ በግራዬ ነፍሰ ገዳይ ደገፍኩ።

ወዲያው ማውረድ ነበረብኝ። ከወጣ በኋላ ግን ማውረዱ ደግሞ አስፈራኝ። የጥናቱ ሰው እጁን ካወጣ ማን ዝም ይላል? ከኋላ አንድ እጅ ወጣ። ከዚያ ሦስት አራት ሆኑ። ከዚያ ረድፉ በሙሉ። ሊቀመንበሩ ዓይኑን እያዞረ ሴኞራ ሚረን ላይ ሲደርስ ቆመ። የሁሉም ዓይን እሳቸው ላይ ሆነ። እሳቸው ግን የሚያዩት እኔን ነበር። እኔን እያዩ፣ ቀስ ብለው፣ እስከ ትከሻቸው ድረስ ብቻ፣ እጃቸውን አወጡ።

ማራይከ ይህ አይቆጠርም ብላ ከሊቀመንበሩ ጋር ስትከራከር ማሰሮውን አስቀምጬ ወጣሁ። አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ቆሜ ሳለሁ ሴኞራ ሚረን መጡ። የምገባበት ጠፋኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የእጅም እንደዚያው ነው።

«በአገርህ እንደዚህ ታወጣ ነበር?» አሉኝ።

«አዎ ሴኞራ።»

«ለማን?»

«ለተጠየቅኩት ሁሉ።»

አንድ ጎረቤታችን ጋቢውን ሲያስተካክል እጁን አዘግይቶ በማግስቱ እንደተወሰደ ነገርኳቸው።  አይዞህ እንዲሉኝ ጠብቄ ነበር፤ አላሉኝም። ቦርሳቸውን ከፍተው ነጩን ቦሎቄ አወጡና ያንን ግራ እጄን ይዘው መዳፌ ላይ አኖሩት። ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፏቸው።

«ይቺን ቁጠርልኝ» አሉኝና ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ወደ አምስተርዳም ስንመለስ ባቡር ውስጥ ለማራይከ ሁሉንም ነግሬ ቦሎቄዋን ሰጠኋት። አለቀሰች። ነገር ግን መንገድ ላይ የተቀበልናትን አንድ ፍሬ መቁጠር አትችልም፤ ማሰሮው ራሱ አልዞረም። የሆግቭሊትን ስብሰባ ከጥናቷ ሙሉ በሙሉ አወጣችው። በሙያዋ ትክክል ነበረች። እኔም ለሴኞራ ሚረን ይህን ሄጄ መንገር አቃተኝ። ዛሬ ነገ እያልኩ ቀረሁ፤ ሆግቭሊትም ዳግመኛ አልረገጥኩም።

አሁን ኦስዶርፕ ያለው ሕንፃችን የተከራዮች ስብሰባ ሲኖረው፣ ስለ ሊፍትም ይሁን ስለ ብስክሌት ማቆሚያ፣ ሁለት እጄን ከጭኔ ሥር ከትቼ እቀመጣለሁ። ልጄ ታፍርብኛለች። «አባዬ፣ አንተ እኮ በምንም ነገር አትስማማም» ትለኛለች። 

እጄ ስለወጣ አፍራለሁ። የበለጠ የማፍረው ግን የተለመንኩትን ስላላደረስኩ ነው። የዚያን እሑድ አዳራሹን የሚያስታውስ ሰው ካለ፣ ሁሉም ደግፏል ብሎ ያወራ ይሆናል። ሁሉም አልደገፈም። ሴኞራ ሚረን አይሆንም ብለዋል።